የአያቴን ሄሊኮፕተር ስላስታጠቁልኝ

ለተከበሩ አቶ ታምራት
የሰፈራችን የወጣቶች የእጅ ሥራ ማዕከል ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ አንድ ሮኬት መልሶ ስለ ማስረከብ

እጅግ የማከብርዎ አቶ ታምራት፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በኤግዚቢሽኑ ቀን ንፋስ ላይ ቆመው ያን ያህል ንግግር ስላደረጉ ጉሮሮዎን እንዳያምዎት ሰግቼ ነበር። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉሮሮዬም እንደሚያውቁት ብዙ ስለማልሠራበት ደህና ነው። ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ ከማንም በላይ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ያን ዕለት ልናገረው የሚገባኝን ዛሬ በጽሑፍ፣ ያውም ሁሉም እንዲያነበው አድርጌ ስልክልዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤውን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን አቋርጬ ቤት የዋልኩ ልጅ ነኝ። ከዘይት ጀሪካን፣ ከጃንጥላ ሽቦና ከካርቶን ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች እሠራለሁ። ሴት ልጅ ይህን ትሠራለች ወይ ብለው ሰዎች ሲስቁብኝ አቶ ታምራት አልሳቁም። በማዕከሉ መስኮት በኩል ያለውን ጠረጴዛ ሰጡኝና «እዚህ ማንም አይነካብሽም» አሉኝ። ይህን ውለታ አልረሳሁም። ከዚያ «ማንም» ውስጥ ራስዎን እንዳላስገቡ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ለኤግዚቢሽኑ የሠራሁት የአያቴን ሄሊኮፕተር ነበር። አያቴ አቶ ዋልልኝ በወጣትነታቸው የአየር ኃይል የበረራ ቴክኒሻን ነበሩ፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በሚ-8 ሄሊኮፕተር እህል እየጫኑ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ ይመላለሱ ነበር። ቀለሟን ለማግኘት ክረምቱን ሙሉ ደክመናል። እኔ ቀላቅዬ አመጣለሁ፤ እሳቸው በዝናቡ መሃል ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ደጅ አውጥተው ያያሉ። «ይቺማ የስንዴ ነዶ ሆነች፣ አሸዋ አድርጊያት» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «አረንጓዴው የጎመን ነው፤ ሄሊኮፕተር ነው የምትሠሪው ወይስ ጓሮ?» ይላሉ። በመጨረሻ ከላይ የአሸዋና ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ሆዷ ደግሞ ውኃ ሰማያዊ ሆነ። ያን ጊዜ አያቴ በሁለት መዳፋቸው ያዟት፤ ቶሎም አላስቀመጧትም። መሣሪያ ግን የላትም ነበር። በግራና በቀኝ ጎኗ የሮኬት ማንጠልጠያ ብረት አለ፣ ባዶውን።

ባዶ የሆነበትን ምክንያት እርስዎ አያውቁም ብዬ አላስብም፣ አቶ ታምራት። ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከአያቴ ጎን ተቀምጠው፣ ከእሳቸው አፍ ሰምተዋል። ደጋው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተሯ ብዙ ጭነት አታነሣም፤ ስለዚህ ሮኬቱን አውርደው በክብደቱ ልክ እህል ይጨምሩ ነበር። ሌላም ነገር ነግረውዎታል። ታች ያለው ሰው የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ እየሮጠ ገደል ሥር ይደበቅ ነበር፤ አብራሪው ዝቅ ብሎ ጎኗን ሲያሳይ ግን ማንጠልጠያው ባዶ መሆኑን ያዩ እናቶች ቀድመው ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። «ባዶዋን አይተው ነው የሚወጡት» ሲሉዎት እርስዎ ዓይንዎን ጠረጉ። ሸኝተንዎ ስንመለስ አያቴ «ዛሬ ገና ሰው ሰማኝ» አሉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ/ ስለ ቀለሙ። የኤግዚቢሽኑ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ሄሊኮፕተሯን ከጠረጴዛዬ አንሥተው፣ ለማዕከሉ በር ተገዝቶ በተረፈው አረንጓዴ የዘይት ቀለም ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ መስኮቶቿንና ሰማያዊ ሆዷን ሳይቀር ስለቀቡልኝ አመሰግናለሁ። የጦር ሄሊኮፕተር ቀለም ዋና ጥቅሙ ካካባቢው ጋር መመሳሰል ነው፤ አሁን የማዕከሉ በር አጠገብ ብታርፍ ማንም አይለያትም። ማን እንደቀባት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጠዋት እጅዎን ለሰላምታ ሲዘረጉልኝ ቀለሙ ጥፍርዎ ሥር ነበር።

2ኛ/ ስለ ትጥቁ። በባዶው ማንጠልጠያ ላይ ከቀይ እስክሪብቶ ክዳን የተሠሩ ሮኬቶች ስለለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። በማዕከሉ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ የጦር መሣሪያው ከየት እንደመጣ ለማጣራት አያስቸግርም። ሮኬት ቀይ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ኪስ ላይ የሚሰካበት ማያዣ ያለው ሮኬት ግን በየትኛውም ፎቶግራፍ አላየሁም። ለምን እንዳደረጉት በዝግታ ስጠይቅዎ «ባዶዋን ብናቀርባት እንግዶቹ ያላለቀች ትመስላቸዋለች፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይሄ አይገባሽም» አሉኝ። እውነትዎን ነው። እስካሁንም አልገባኝም።

3ኛ/ ስለ ንግግርዎ። በማይክሮፎን «እህታችን ፍቅርተ ሮኬቱን ሳይቀር በገዛ እጇ ሠርታ አስታጥቃታለች፤ አይደል ፍቅርተ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሁሉ እኔን አየ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። እርስዎም ይህን «አዎ» ብለው ተረጎሙት፣ ተጨበጨበም። ብዙ ሰው ሲያየኝ አፌ እንደሚተሳሰር የነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነበር። አምኜ የነገርኩዎትን ነገር እንዲህ ያለ ቁም ነገር ላይ ስላዋሉልኝ እጅ እነሣለሁ።

4ኛ/ ይኸኛውን በምስጋና መልክ መጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። አያቴ ከሰው ኋላ ቆመው ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩዋት፣ ማንጠልጠያውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ማጣበቂያው አልደረቀም ነበርና አንዱ ሮኬት እጃቸው ላይ ቀረ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቤት ስንደርስ አውጥተው ከሥራ ዕቃዬ አጠገብ አስቀመጡልኝና «ያንቺ ነው፣ እንዳይጠፋብሽ» አሉኝ።

እኔ እንዳልሠራሁት እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። «ግድ የለም ልጄ፣ ለእንግዳ ብለሽ ነው» አሉኝ። ያደረጉት እርስዎ እንደሆኑ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «በሰው አታሳብቢ። አቶ ታምራት እንዲህ አያደርጉም፤ እዚህ ተቀምጠው ሰምተውኛል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ቀላቅዬ ሳሳያቸው «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ደጅ አውጥተው ፀሐይ ላይ አያዩትም።

እንግዲህ አቶ ታምራት፣ አያቴ ከእኔ ይልቅ እርስዎን አምነዋል። ይህን ያህል መታመን ለማንም ሰው ትልቅ ክብር ነውና እንኳን ደስ ያለዎ። ሄሊኮፕተሯ ቢሮዎ ቁም ሣጥን ላይ ትቀመጥ፤ እንግዶቹ የሰጡዎት የምስክር ወረቀትም ግድግዳዎ ላይ ይሰቀል፤ አልቀየምም። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤታችን ይምጡ፣ በዚያው ወንበር ይቀመጡና «ያስታጠቅኋት እኔ ነኝ» ይበሏቸው። ማይክሮፎን አያስፈልግዎትም፤ ጆሯቸው ደህና ነው።

ለደግነትዎ የሚመጥን ቃል አጥቼ፣ ቃል ሳጣም እንደሚያውቁኝ አንገቴን ደፍቼ፣ ይህን ጊዜ ግን «አዎ» ለማለት ሳይሆን ለመጻፍ ደፍቼ፣

አክባሪዎ
ፍቅርተ ይሻው
የአቶ ዋልልኝ የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ (ከአረንጓዴው በር ገባ እንዳሉ በስተቀኝ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጉዳዩ እንደተገለጸው ሮኬቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ቶሎ ይደርቃልና ይክደኑት። ምናልባት ፊታቸው መቀመጥ ቢከብድዎ፣ በእሱው አንድ መስመር ጽፈው ይላኩላቸው። ስምዎን ባይጽፉም ግድ የለም፤ አያቴ ቀለም ይለያሉ።