ወላጅ ወይም አሳዳጊ

ውድ ልጄ ዘርአ ዳዊት፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅህ አርሴማ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስለ አንተ የምለውን ሁሉ በገዛ እጇ እንደጻፈችው እያሰብክ አንብብ። ስደውልልህ “ኔትወርክ የለም” እያልክ ትዘጋለህ፤ ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም።

ጤናዬን ከጠየቅህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አልጠየቅህም እንጂ።

“ትምህርት ሲዘጋ ትምጣና ሕፃኑን ትያዝልን” ብለህ በእህትህ በፍቅርተማርያም የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። አልልካትም። መስከረም ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። ፈተናው በኮምፒውተር ነው አሉ። የትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ታቦት ይመስል በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ስለዚህ አቅማችን የሚችለው የክረምት ትምህርት ልፈልግላት ተነሣሁ። እኔ፣ “ሀ”ን ከ“ለ” የማልለይ ሰው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ተመላለስኩ። አንዱ ትምህርት ቤት በር ላይ “በነፃ” የሚል ተለጥፎ አርሴማ አነበበችልኝ። ገባን። ወንበር ሰጡን፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

“ነፃ የሆነው ምዝገባው ነው፣ አባቴ። ትምህርቱ ይከፈልበታል” አለኝ ከረባት ያሰረ መዝጋቢ።

“ታዲያ ተመዝግባ ትመለስ?” አልኩት።

ለጠራልኝ ዋጋ ሁለት ሙክት ብሸጥ የሐምሌን እንጂ የነሐሴን አይከፍልም።

ሌላው ቤት “እኛ በስልክ ነው የምናስተምረው” አሉን። ባለ መብራቱን ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንዱ አገላብጦ አየውና “አባቴ፣ ይሄ እኮ ባትሪ ነው” አለኝ።

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ያለችው የወንድሜ ልጅ ደመቀች አንድ የወጣቶች ማእከል አገኘችልን። ሐምሌና ነሐሴን ሒሳብና ኮምፒውተር ያስተምራሉ፤ ምንም አይከፈልም። የምታድረው ደመቀች ዘንድ ነው። ሁሉ አለቀ ስል ቅጹ መጣ። ከታች “የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ” የሚል ቦታ አለው። ቀለሙን አምጡ ብዬ አውራ ጣቴን ዘረጋሁ።

“አባቷ በሕይወት አሉ?” አለች ጸሐፊዋ።

“አለ፤ አዲስ አበባ።”

“እንግዲያው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። አሳዳጊ የሚፈርመው ወላጅ ከሌለ ነው።”

“እሳቸው” የተባልከው አንተ ነህ።

እናቷ ስታርፍ ይቺ ልጅ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ኩፍኝ የያዛት ጊዜ አዝዬ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ጎረቤት እየሳቀብኝ ሹሩባ መሥራት የተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን ወረቀት ፊት ስቆም ጣቴ ረከሰ። አንተ በዓመት ሁለቴ ብቅ እያልክ ወላጅ ነህ። አሳዳጊ የበደለው ብዬ እንዳልሰድብህ፣ ያንተም አሳዳጊ እኔው ነኝ።

ስለ አረሙ አታስብ። አርሴማ ብትሄድም ባቄላውን ብቻዬን አርመዋለሁ። ጎንበስ ማለት አላቃተኝም፤ የሚያስቸግረኝ ቀና ማለት ነው።

ቅጹ ከደብዳቤው ጋር አለ። የምትፈርምበትን ቦታ አርሴማ በእርሳስ ከብባልሃለች። ፈርመህ ይህን ባመጣልህ በሾፌሩ በታደለ እጅ መልስልኝ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። እስከ ሐሙስ ካልደረሰኝ፣ ዓርብ ጠዋት ሄጄ ጸሐፊዋን “አባቷ ሞቷል” እላታለሁ።

እዚህ ላይ ልጅህ መጻፏን አቆመች።

“አባባ፣ ይሄን አልጽፍም።”

“ጻፊ።”

“ሟርት ነው።”

“ሟርት አይደለም፣ ቀነ ገደብ ነው” አልኳት። ይህንንም ጻፊው አልኳት።

በዚህ ዕድሜዬ በልጄ ላይ ሞት መጥራት የሚቀለኝ አይምሰልህ። ዋሽቼ አላውቅም። ልጁን በቁሙ የቀበረ ሰው ሆኜ ከዚያ ቢሮ መውጣት አልፈልግም። ግን እወጣለሁ፤ ጣቴንም አትሜ እወጣለሁ።

ለሚስትህ ሰላምታ አቅርብልኝ። ሕፃኑን ሳምልኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

አባትህ ገብረ ጻድቅ

በይ አርሴማ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። “ሞቷል” ያልኩት ጋ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ፤ ማንበብ ባልችልም መስማት እችላለሁ።