የዶክተሩ ጋወን ቁልፎች

ውድ እህቴ፣

ሰላም ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንዳልሆንሽ ዶክተሩ ጽፎልኛል። ባልሽ መቼም ነገር ማሳመር አይችልበትም። «ስትሮክ መታት። ምላሷ ደህና ነው፣ ቀኝ እጇ ግን አልጨበጥ አለ። እጇን የሚያሠራትን ባለሙያም ‹ተወኝ፣ አርጅቻለሁ› ብላ አባረረችው» ይላል። አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይው? እኔን ረሳሽኝ እንዴ? በእናንተ ሚሽን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ የፈላ ውሃ የተደፋበት እጄ ቁስሉ ቢሽርም ጣቶቼ ተኮማትረው ቀሩ። መቀስ የማይዝ እጅ ለልብስ ሰፊ ምን ያደርግላታል? ባል የለኝ፣ ልጆቼን የማሳድገው በዚያው እጅ ነው። ዶክተሩ ኳስ ሰጥቶ «ጨብጪ» ሲለኝ፣ አንሶላዬን ተከናንቤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አልጋው ለሌላ በሽተኛ ሲፈለግ ወደ ቤታችሁ ወሰድሽኝ፤ ከኩሽናው ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠሽኝ። «እርስዎ» ስልሽ በዚያ በተሰባበረ አማርኛሽ «እኔ እህት የለኝም፣ አንቺ በይኝ» አልሽ። በማግሥቱ ጠዋት የዶክተሩን ነጭ ጋወን ጭኔ ላይ ጣልሽው። «ቁልፉ ወድቋል፤ እኔ መስፋት አላውቅም፤ በሽተኛ እየጠበቀው ነው» ብለሽ ወጣሽ።

መርፌው ስንት ጊዜ ከእጄ እንዳመለጠ እንጃ። እየተሳደብኩ፣ ክሩን በጥርሴ እየጎተትኩ ሰፋሁት። በማግሥቱ ሌላ ቁልፍ ወደቀ። ደግሞ ሌላ። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬም ሳልለብስ ልሂድ?» ይላል። «ይሄ ሰውዬ ሆስፒታል ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚታገለው?» ብልሽ በሳቅ ፍርስ አልሽ።

አሁን ልንገርሽ፣ ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። በራሱ ተበጥሶ የወደቀ ቁልፍ ክሩ ይንጨባረራል፤ ያ ግን በመቀስ የተቆረጠ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። በጣቶቼ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ግን አንዲት ሴት ለእኔ ብላ የባሏን ልብስ ቁጭ ብላ እንደምታበላሽ ሳስብ እምቢ ማለት አሳፈረኝ። ደስም አለኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የደከመልኝ ሰው አልነበረም። በጣም እወድሻለሁ፤ ያኔ ማለት ነበረብኝ።

ትልቋ ልጄ ስትዳር ቀሚሷን የሰፋሁት በእነዚሁ ጣቶች ነው። ትንሿ ጣቴ አሁንም አትዘረጋም፤ እሷ ድሮም ሰነፍ ናት።

እንግዲህ አንቺዬ፣ የተመለሳችሁበት አገርሽ ሩቅ ነው፤ መጥቼ አጠገብሽ መቀመጥ አልችልም። መልሱን በዚያችው በቀኝ እጅሽ ጻፊልኝ። በዶክተሩ እጅ ብታስጽፊው አላነበውም፤ እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። ፊደሉ ቢንጋደድ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሆን፣ ወረቀቱን ቀለም ብታስነኪው ግድ የለኝም።

በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ባዶ እጄን ብመለስም ቅር አይለኝም፤ እየሞከረች ነው እላለሁ።

እህትሽ፣
ልብስ ሰፊዋ