የክሎቨር ልብ ያልፈጠነው ለምን ነበር

ውድ ቲልዳ፣

  ከእንስሳት ሐኪሞች ስልጠና ከተመለስኩ ሦስት ቀኔ ነው፤ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አስተማሪዋ በአንዲት በግ ላይ የተደረገ ሙከራ አሳየችን። በጓ ነቅታ ሳለች የደም ግፊቷን በመድኃኒት ሲያወርዱት ልቧ ወዲያው ጋለበ፤ ግፊቱን ለመመለስ ነዋ! በማደንዘዣ ጋዝ ስትተኛስ? ግፊቱ ወረደ፣ የልቧ ፍጥነት ግን ንቅንቅ አላለም። «ማደንዘዣው ይህንንም ጥበቃ ያስተኛዋል። ልብ ስለረጋ ግፊቱ ደህና ነው እንዳትሉ» አለች። ክው አልኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው «ዶክተር፣ ውሃ ላምጣልህ?» እስኪለኝ ድረስ።

የሃልቮር ባዝራ ክሎቨር ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እኔ ሆዷን ቀድጄ ስሠራ፣ ማደንዘዣው በአንቺ እጅ ነበር። የግፊት መለኪያው ሲጮህ «ኦርቪል፣ ግፊቷ እየወረደ ነው፣ ጋዙን ልቀንሰው!» አልሽኝ።

«እንዳትነኪው! ነቅታ ልትረግጠን ነው? ልቧ እንደሆነ ሳይዛነፍ ይመታል። ያ ዕቃ ድሮም ውሸታም ነው፣ አንቺም ከሱ ተማርሽ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩብሽ። ጩኸቱንም በእጄ ዘጋሁት። ግማሽ ሰዓት አልቆየችም፣ ሞተች።

ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመጡት አጣሪዎች ሲጠይቁኝ «ልቧ ደህና ነበር፤ ስህተቱ ከማደንዘዣው ነው» አልኩ። እውነት መስሎኝ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን አንቺን መከልከሌንም፣ ጩኸቱን መዝጋቴንም ዋጥኩት። ምላስ አጥንት የለውም ግን አጥንት ይሰብራል፤ ያንቺን ሰበረ። ፈቃድሽን ቀሙሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ የከብት መኖ ስትሸጪ፣ እኔ «ዶክተር» እየተባልኩ ኖርኩ። ወይ እኔ!

ትናንት ሃልቮር ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔማ ባዝራዬን ቀብሬያለሁ። ያቺ ልጅ ግን በሕይወት አለች፣ ምን ትጠብቃለህ ሰውዬ?» አለኝ።

ለአጣሪዎቹ ጽፌያለሁ፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ይሰሙኛል። የእኔን ፈቃድ ይውሰዱት፣ ያንቺን ይመልሱ ብያለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ብቻ ከቻልሽ ነይና ከፊት ተቀመጪ፤ «ልክ የነበረችው እሷ ናት» ስል ሰው ሁሉ አንቺን ይይ።

ጥፋተኛው፣
ኦርቪል ታንገን