ሸክላዬና የነገው ጠበል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፈርቻለሁ። ነገ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩልን ይመጣሉ። የጠራቻቸው እማዬ ናት፤ በሙዚቃ ሸክላዬ ምክንያት። ካዛንቺስ ሊፈርስ ከተቃረበ ቤት ያገኘሁትን፣ ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚሉትን ረጃጅም የጣልያን ሙዚቃ የያዘ ሸክላ ትናንት ስሰማ በሩ ላይ ቆማ፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ኦርጋን ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይሄ የሰው ሥራ አይደለም» ብላ ወጣች።

ሌላ ቅጂ የትም አላየሁም። የካርቶን ሽፋኑን ውሃ ከነካው አለቀለት። ልደብቀው ብል አባ አልጋ ስርም ሳይቀር ይረጫሉ። በቃ፣ ጠዋት ደምበል ሕንፃ ያለው ጓደኛዬ ቢሮ አስቀምጠዋለሁ።

ቅድም ከሥራ ገብቼ አንዴ ልስማው ብዬ ከፈትኩት። ኦርጋኑ መሃል ላይ ድንገት ዝም ሲል ሳላስበው አማተብኩ።

ጠዋት ከቤት ላስወጣው የቸኮልኩት ለሸክላው ፈርቼ ይሁን ለራሴ፣ እንጃ።