ጨው ያልነካው ሞራ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1957፣ እኔ ጉንቮር ብራተን፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ባለው አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ኑዛዜ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። የታመመው ልቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም፤ ያስገደደኝም የለም። ሰኞ አባቴ ቶሌፍ ለቀዶ ጥገና በባቡር ወደ ኦስሎ ይወስደኛል። ሐኪሙ «ጥሩ ተስፋ አለ» ብሎናል። እርግጠኛ ቢሆን ኖሮ ተስፋን ለምን ያነሳል እያልኩ ይኸው ሦስት ቀኔ ነው።

የወረዳውን ነርስ፣ ሲስተር ኢንገሪን፣ ለምስክርነት ስለምናቸው «ለወፍ ነው የምትናዘዢው? እኔ እኮ በዚህ ሸለቆ ሰው ከላም ላነሰ ፍጥረት ሲናዘዝ አላየሁም!» ብለው ሳቁ። ሁለተኛው ምስክር ጎረቤታችን ጋሽ ኤምብሪክ ይሁኑ ስላቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። እሳቸውና አባዬ ከአምና ገና ወዲህ አይነጋገሩም። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ሲስተር ያነቡልኛል።

ለአያቴ ለቢርጊት ሰማያዊውን የሱፍ ሹራቤን እተዋለሁ። ሞራ አቅልጬ ለወፎች ስሰቅል «በጦርነቱ ጊዜ ይህ ሞራ ቢኖረን ቤተሰብ ባሳደረ! አንቺ ለሰማይ ትበትኚዋለሽ» እያለች ስትቆጣኝ ኖራለች። ነገር ግን ትኩሳት የጣለኝ ቀን፣ የተኛሁ መስሏት የኩላሊቱን ሞራ፣ ምርጡን፣ ለወፎቹ ስታቀልጥ አይቻታለሁ። ቂም የለኝም።

አባዬ በገበያ ዕጣ ደርሶት ያመጣልኝ ኮኮናት፣ ሞራ ሞልቼ ለወፎቹ የምሰቅለው፣ ለሁለት የተሰነጠቀው ቅርፊት ከነሽቦው፣ ሞራ የማቀልጥበት ትንሽ ድስት፣ በጎተራው በርሜል ውስጥ የቀረውም የበግ ሞራ ለማን ይሁን? የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። አያቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በረዶ ላይ አትወጣም። አባዬ ሦስት ሳምንት ኦስሎ ከእኔ ጋር ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ሆኗል። ጥቁር ቆብ ያላቸው ትንንሾቹ ወፎች እስከ ንጋት የሚቆዩት ቀን በበሉት ስብ ብቻ ነው። በእርድ ወር፣ በኖቬምበር፣ ማብላት የጀመረላቸው ሰው በብርዱ እኩሌታ ቢተዋቸው፣ ከመጀመሪያው ባይጀምር ይሻል ነበር፤ ሌላ ቦታ መፈለጉን ትተው የእሱን ዛፍ ለምደዋልና። ትናንት አሥራ አንድ መጡ። ዛሬ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ።

ስለዚህ ሁሉንም ለጋሽ ኤምብሪክ እተዋለሁ። ቤታቸው ወፎቹ ከሚበሉበት ከበርቹ ዛፍ ሠላሳ እርምጃ ነው። ከመቀበላቸው በፊት ግን ጥፋቴን ይስሙ።

አምና በገና ማግስት ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ አባዬ በር ላይ ቆሞ «ጉንቮርዬ፣ በመስኮት እዪ! ለእንግዶችሽ ድግስ ደግሻለሁ፤ ዛሬስ ከእኔ የተሻለ ይበላሉ!» አለኝ። ለገና በጨው ካቆየነው የበግ ጎድን ላይ ጮማውን ገፍፎ ለወፎቹ ሰቅሎላቸው ነበር። ጨው እንደሚገድላቸው አውቅ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ግን «አውርደው» እንዳልል ከለከለኝ። በሦስተኛው ቀን አራቱ ከዛፉ ሥር ሞተው ተገኙ። የንክሻ ምልክት አልነበረባቸውም። አባዬ «ምን ነካቸው?» ሲለኝ «የጋሽ ኤምብሪክ ድመት» አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። እሱም ወዲያው ወደ አጥሩ ሄዶ «አንተ! ድመትህን እሰር፤ አለዚያ እኔ አስራታለሁ!» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ኤምብሪክ «እሺ» ብቻ ብለው በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ድመቷ ከመስኮታቸው ውስጥ ሆና በርቹን ታያለች። እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።

አባዬ፣ ይህ ሲነበብ ምድጃው አጠገብ ቆመህ እንደምትሰማ አውቃለሁ። አንተ አላወቅህም፤ አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ኤምብሪክ፣ ድመትዎ ንጹሕ ናት። እኔን ቢቀየሙኝ ይገባኛል፤ ወፎቹ ግን ምንም አልበደሉዎትም።

ሞራው በዝግታ ይቅለጥ፤ አይጭስ። ሁለት እጅ ሞራ፣ አንድ እጅ አጃ። ጨው የነካ ማንኪያ አይግባበት። ጎሕ ሳይቀድ ይሰቀል። ግንደ ቆርቁሩ ብቻውን እንዳይጨርሰው አንደኛው ቅርፊት ቀጭኑ ቅርንጫፍ ላይ ይሁን። በርቹ ቅጠል እስኪያወጣ አይቋረጥ፤ እኔ ብመለስም፣ ባልመለስም።

ጉንቮር ብራተን

እኔ ነርስ ኢንገሪ ሞን ይህን ኑዛዜ ጮክ ብዬ አንብቤአለሁ። ተናዛዧ እስክጨርስ ፊቷን በብርድ ልብስ ሸፍና ነበር። አባቷ «የጨውን ነገር ድገሚልኝ» አለኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ኮቱን ሳይደርብ ወደ ጎተራው ወጣ።

እኔ ኤምብሪክ ሌኔ ሰምቻለሁ። ጉንቮር፣ ያን ዕለት ቶሌፍ የገናውን ጮማ ሲሰቅል በመስኮት አይቼ ነበር። «ጨው አለው» ልለው ጫማዬን አጥልቄ ደጃፌ ድረስ ወጣሁ። ሰው ማነጋገር ስለሚከብደኝ ተመልሼ ገባሁ። ኋላ ድመቴን ሲከስ «እሺ» ያልኩት ጥፋቱ የእኔም ስለነበረ ነው። ድመቷ እንደሆነች ጥርስ ከሌላት አራት ዓመቷ ነው።

በርሜሉን ዛሬ ከቶሌፍ እጅ ተቀብያለሁ፤ እስከ ደጄ አብረን ተሸከምነው። ውርስ ግን አልቀበልም። የያዝኩት አደራ ነው፤ በርቹ ቅጠል ሲያወጣ መጥተሽ ቅርፊቶቹን ከእጄ ትረከቢያለሽ።

ኤምብሪክ ሌኔ