ለንደን ያልነበረችው ልጄ

ሳሌም ልጄ፣ ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ እዚህ ሰፈራችን ሄሰልቢ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎት ሥራ ተመልሷል።

አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ስሰጥ ሦስት ዓመት ሙሉ «ለንደን ላለችው ልጄ ጸልዩ» ስል ኖርኩ። ማርጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች ማለት አፍሬ ነው። አንቺን ያሳደግኩት እኔው ራሴ እዚህ አረጋውያን እያጠብኩ መሆኑን እያወቅኩ!

አሁን የቤተ ክርስቲያናችን እህት ውብነሽ ለንደን ልትሄድ ነውና አድራሻሽን ስትጠይቀኝ መግቢያ አጣሁ። እሁድ ተነስቼ እውነቱን ለሁሉም ተናገርኩ። ጋሽ ገብረመድህን፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ የጸለይነው ለማን ልጅ ደረሰ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቀና ማለት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።

ከዚያ ወዲህ ማርጌት ያለችበትን አውራጃ፣ የኬንትን ካርታ አጥንቻለሁ። ፈጣኑ ባቡር ከለንደን ማርጌት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ካንተርበሪ መንገድ ላይ ናት፤ ነጩ የዶቨር ገደል ግን ወደ ደቡብ ነው።

ውብነሽ ቅዳሜ ከለንደን አንቺ ዘንድ ትመጣለችና ጣቢያ ወጥተሽ ተቀበያት። የካንተርበሪውን ካቴድራልም ባሕሩንም አሳያት። አደራሽን፣ መጀመሪያ ግን የምትሠሪበትን ቤት አሳያት፤ ተመልሳ ለሰዉ ሁሉ ታውራልኝ።

የእጅሽን ሥራ ጌታ ይባርክ።

እናትሽ ተጂቱ