ድምፅ ነው፣ ይለፍ

ኅዳር 12 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ስል፣ ማተሚያ ቤት ዕድሜውን ሙሉ የሰው ስሕተት ሲያርም የኖረው እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በከፊል ደህና ነን። የእናትሽ ዳሌ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እየዳነ ነው። በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ትሄዳለች። ሐኪሙ «ጥሩ አጥንት አለዎት» ቢላት፣ «ታዲያ ለምን ተሰበረ?» አለችው። ምላሷ ደህና ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እናትሽ በስልክ «ስወድቅ አባትሽ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር» ብላሻለች። አልወጣሁም። ቤት ነበርኩ። በመካከላችን የነበረው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ገርበብ ያለ።

ጡረታ ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የላክሽልኝን የተመስጦ ማስተማሪያ የድምፅ ቅጂ ታስታውሻለሽ። መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የሰማሁት፤ መምህሩ በሰዓት እንደሚከፈለው ሰው ቃላቱን ይጎትታል። እያደር ግን ለመድኩት። ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤት ገብቼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እናትሽ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ዛሬም ልትቀመጥ ነው? እኔ እኮ ጡረታ የወጣኸው ከመቀመጥ መስሎኝ!» ትለኛለች።

ትምህርቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። ድምፅ ሲመጣ አትከተለው፤ «ድምፅ ነው» በልና ይለፍ። ከዚያ «የሚሰማው ማን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መኪና ሲያልፍ ድምፅ ነው። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ድምፅ ነው። ራሴን በጠየቅኩ ቁጥር ግን የማገኘው፣ ድሮ ታትሞ ባለቀ መጽሐፍ ውስጥ ስላመለጠችው ፊደል የሚብሰለሰል አንድ ሽማግሌ ነበር።

ያን ቀን ሌላ ሆነ። ወንበሩም፣ ክፍሉም፣ ሽማግሌውም እንደ ካፖርት ከላዬ ወለቁ። የቀረው ጸጥታ ብቻ ነው፤ ሰፊ፣ ማንንም የማይጠብቅ። በዚህ መሃል ከስፌት ክፍሉ አንድ ነገር ዱብ አለ። ድምፅ ነው። ቀጥሎ «አንተ!» የሚል መጣ። ድምፅ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ!» እሱም ይለፍ።

ሰምቻለሁ፣ ልጄ። የማን ድምፅ እንደሆነም አውቄያለሁ። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ደስ ማለቱ ነው። «በመጨረሻ ቻልኩበት፤ እሷ እንኳ አልነቀነቀችኝም» ብዬ በልቤ ተመጻደቅሁ። ጥሪው ሲቆም ዝምታው ጣፈጠኝ።

የቅጂው የማብቂያ ደወል ሲያቃጭል ፈገግ ብዬ ወጣሁ። እናትሽ መጋረጃ ልትሰቅል ከወጣችበት በርጩማ አጠገብ ወለሉ ላይ ተኝታለች። እግሯ ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ቀና ብላ አየችኝና፣

«ጨረስክ?» አለችኝ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ስትወድቅ ማን አብሯት እንደነበር ሲጠይቅ ቀድማኝ መለሰች፦ «ማንም። እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር።» እኔ ዝም አልኩ። በዝምታ መቼም ሠልጥኛለሁ። ብቻችንን ስንሆን ለምን እንደዋሸች ብጠይቃት፣

«ቅጂውን የላከችው ልጅቷ አይደለች? ብትሰማ ራሷን ትከሳለች። ተከሳሽ አንተ አንድ ሰው ትበቃለህ» አለችኝ።

ታዲያ ለምን ጻፍክልኝ ትይኝ ይሆናል። ባለፈው ስትደውይ «አባዬ፣ አንተ ባትኖር እማዬን ማን ያስታምማት ነበር? ተባረክ» አልሽኝ። ያንን ምርቃት በተሳሳተ አድራሻ እንደመጣ ዕቃ ታቅፌ መክረም አቃተኝ። ያንቺ ቅጂ ጥፋት የለበትም። መስማትን በሚገባ አስተምሮኛል፤ ተነሥቶ መሄድን እኔ ከቤቴ ይዤ መምጣት ነበረብኝ። «የሚሰማው ማን ነው?» ላለውም መልሱ ያን ያህል ጥልቅ አልነበረም። ባሏ ነበር።

አሁን የምውለው እሷ ዘንድ ነው፤ ዓይኔንም አልጨፍንም። እሷ ግን ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ጠርታኝ አታውቅም። ትስቃለች፣ ትቀልድብኛለች፣ ያቀረብኩላትን ትበላለች። አንድ ነገር ሲያስፈልጋት ግን አትጣራም። ትናንት ውሃ ፈልጋ ጠረጴዛውን በምርኩዟ ጫፍ ወደ ራሷ ስትጎትት ደረስኩባት።

«ምነው ብትጠሪኝ?»

«ምን አደከመኝ» አለች። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። አልተቆጣችም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደጻፍኩልሽ አትንገሪያት። ስትደውይላት ግን ሰበብ ፈጥረሽ «አባዬን ጥሪልኝ» በያት። አንቺን እምቢ አትልም። እኔ ኩሽና እሆናለሁ፤ በሩን ወለል አድርጌ።

ሥራሽ ይቅናልሽ፤ ጤናሽን አይንሳሽ። ስትጣሪም ብድግ ብሎ የሚመጣልሽ ሰው አይጥፋ።

አባትሽ